አዲስ የእንጨት ሮለር ኮስተር ላይ ከመሳፈርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ የእንጨት ሮለር ኮስተር ሊከፈት ነው ሲባል ቀድሞ የሚወራው ፍጥነቱ ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈውም እሱ ነው። እኔ ግን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሌሎች ነገሮችን አስቀድመው እንዲያዩ እመክራለሁ።

ጉብታው ስንት ነው? ኦሃዮ ውስጥ ሜሰን ከተማ ያለውን ኪንግስ አይላንድ ፓርክ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው «ዘ ቢስት» 2,243 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከእንጨት ከተሠሩት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ በሰዓት 104 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። በ2017 እዚያው የተከፈተው «ሚስቲክ ቲምበርስ» ከፍታው 33 ሜትር፣ ፍጥነቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቁጥር የሚፈርድ ሰው አዲሱን ይንቀዋል። ይሁንና 16 ጉብታዎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ባቡሩ አናታቸውን አልፎ ቁልቁል ሲታጠፍ ሰውነትዎ ገና ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ ከወንበሩ ብድግ ይላሉ። ደስታው ያለው እዚያ ላይ ነው። ኢንዲያና ውስጥ በ2006 የተከፈተው «ዘ ቮዬጅ» እስካሁን የሚወደደው በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ዙር በድምሩ 24 ሰከንድ ያህል ከወንበር ስለሚያነሳም ነው።

ከሐዲዱ ይወጣ ይሆን ብለው ከሰጉ፣ የባቡሩ ጎማዎች ሐዲዱን ከላይና ከጎን ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይይዙታል። ይህን የታችኛውን ጎማ አሜሪካዊው ጆን ሚለር የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የፈለሰፈው ሲሆን፣ ትልልቅ ቁልቁለቶችን መሥራት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። የእንጨቱ ምሰሶ ባቡሩ ሲያልፍ ሲወዛወዝ ቢያዩም አይደንግጡ፤ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው የተሠራው።

የት ይቀመጣሉ? የኋላው ወንበር ቁልቁለቱ ላይ በኃይል ይጎተታል፤ ድፍረት ላለው ሰው ከዚያ የሚበልጥ የለም። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እይታውንና ነፋሱን ያገኛል። መናጥ የማይወዱ ከሆነ በጎማዎቹ ላይ በቀጥታ ያላረፈ ወንበር፣ በተለይ ከባቡሩ መሐል፣ ይምረጡ። እንጨት እንደ ብረት ልስልስ ብሎ አይሄድም፤ ያ መንገጫገጭ የጨዋታው አካል ነው።

ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ፣ አንገቱን ወይም ወገቡን የሚያመው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አይሳፈር። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ልጆች ካሉዎት ቁመታቸውን ቤት ይለኩ። በብዙ የአሜሪካ ፓርኮች ለትልልቆቹ የእንጨት ሮለር ኮስተሮች የሚጠየቀው 122 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰዓታት ተነድቶ፣ ወረፋ ተጠብቆ፣ በሩ ላይ «አትችልም» የተባለ ልጅ ለቅሶ ያሳዝናል።

የፓርኩ ወቅት ሰመር ስለሆነ ጉዞዎ ከፍልሰታ ጋር ሊገጥም ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ባዶ ሆድ፣ ፀሐይና ረጅም ወረፋ ተደራርበው ራስ ያዞራሉ። ውሃ ጠጥተውና ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው፣ ወደ ማታ ቢሳፈሩ ይሻላል። ነጠላ፣ መነጽርና የአንገት ሐብል ከታች ላለ ሰው ይስጡ።

መቼ ይሂዱ? አዲስ ማሽን በተከፈተበት ሰሞን ብልሽት አያጣውምና በመክፈቻው ሳምንት ሩቅ መንገድ አይንዱ። ባቡሩን ሰንሰለት ወደ ጫፍ ከጎተተው በኋላ የሚነዳው የራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ሞተር የለውም። ስለዚህ ሙቀቱና ቅባቱ ለውጥ ያመጣሉ፤ ጠዋት የተንቀረፈፈው ባቡር ጎማውና ቅባቱ ሲሞቅ ወደ ማታ ይፈጥናል። ሁለት ዙር ብቻ የሚበቃ ጊዜ ካለዎት፣ አንዱን ከሰዓት በፊት ከመሐል፣ ሌላውን ፓርኩ ሊዘጋ ሲል ከኋላ ይሳፈሩ።