ርካሹ መቀስ ስንት ያስከፍላል?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፀጉር መቁረጫ መቀስ ነው። «መቀስ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አንድ ገጠመኜን ላስቀድም።

ጊዜው የመስቀል ዋዜማ ነበር። እዚህ ዱራሜ መስቀል፣ በከምባትኛው መሳላ፣ ሲደርስ ፀጉር ቤቶች በወረፋ ይጨናነቃሉ። ታናሽ ወንድሜን ይዤ ከአንዱ ገባሁ። አስተካካዩ ከትምህርት መልስ የሚሠራ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ተራ ሲደርስ ልጁ ይሠራበት የነበረውን መቀስ አስቀመጠና ከመሳቢያ ሌላ የዛገ መቀስ አወጣ። ሰውየው ሲወጡ ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ ስለ እሳቸው የሚወራ ነገር አለ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ለይቼ ነው የማስቀምጠው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዋናውንስ በረኪና ውስጥ ትዘፈዝፈዋለህ?»

«እንዴ! በሳምንቱ ይዝግብኛላ!»

ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወንድሜ ነበር።

በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ስህተቶች አሉ።

1. ሰውን መለየት

ወሬ የደም ምርመራ አይደለም። ቫይረሱ በደማቸው ያለና የሌለ ሰዎች በመልክ አይለዩም። ስለዚህ የመሳቢያው መቀስ ጎልማሳውን ከማግለል በቀር ማንንም አልጠበቀም። «ዋናው» መቀስ ደግሞ ሳይጸዳ ከራስ ወደ ራስ ሲዞር ዋለ።

እዚህ ላይ ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ኤች አይ ቪ በአብዛኛው የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ ስለማይቆይ በመቀስ የመተላለፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ግን በዕቃ ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። መቀስ ጆሮን ወይም አንገትን ሊያደማ ይችላልና የማጽዳት ግዴታው ለሁሉም ደንበኛ እኩል ነው።

የከምባታ ሰው ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በቦጋለች ገብሬና በእህታቸው የተመሠረተው ኬ.ኤም.ጂ. የሴት ልጅ ግርዛትን በዚሁ አካባቢ ታግሏል። ያኔም ጥፋቱ የምላጩና የልማዱ እንጂ የልጃገረዶቹ አልነበረም።

2. በዋጋ ብቻ መግዛት

ልጁ መቀሱን የማያጸዳው ስንፍና ይዞት ሳይሆን መቀሱ ስለማይችል ነው። እንግዲህ መቀስ ስትመርጡ የሚከተሉትን ተመልከቱ፦

• ብረቱ፦ የማይዝግ ብረት (ስቴይንለስ ስቲል) ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ላዩን ብቻ የተቀባ መቀስ ቅቡ ሲላጥ ይዝጋል። 440ሲ የተባለው ዓይነት ጠንካራ በመሆኑ ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም። ማህተም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ፈትኑት።

• ብሎኑ፦ የሚፈታና የሚጠብቅ ይሁን። አንዱን እጀታ ይዛችሁ ሌላውን በሰፊው ከፍታችሁ ልቀቁት። ቀስ ብሎ ወርዶ መሃል ላይ ከቆመ ጥሩ ነው። ጭራሽ ካልወረደ ጠብቋል፤ ጠቅ ብሎ ከተዘጋ ላልቷል።

• ስለቱ፦ እርጥብ ሶፍት ቁረጡበት። ሳይጎትት እስከ ጫፉ ከቆረጠ ስለት አለው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ዋጋው ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ውሰዱት። ርካሹ 400 ብር ቢሆንና በየቀኑ እየተዘፈዘፈ 3 ወር ቢያገለግል፣ በ3 ዓመት 12 መቀስ፣ ማለትም 4,800 ብር ያስወጣል። ደህናው 1,500 ብር ቢሆንና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በ150 ብር ማሳያው ተጨምሮ 2,400 ብር ይሆናል። ስለዚህ በርካሹ ዋጋ ሁለት ደህና መቀስ ይገኛል ማለት ነው! ሁለት መሆናቸው ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይዘፈዘፋል። በዓል ሲመጣም «ወረፋ በዛ» ብሎ ማለፍ ይቀራል።

አጸዳዱ

መቀሱን መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ እጠቡ። 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሉና መቀሱን ከፍታችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ውህዱን በየቀኑ አዲስ አድርጉ። ደህና መቀስም ቢሆን ክሎሪን ውስጥ ሲያድር ይጎዳል፤ ስለዚህ አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ብሎኑ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርጉ። አልኮል ረጭቶ እሳት መለኮስ ለማጽዳቱ አስተማማኝ አይደለም፤ ስለቱንም ይጎዳል። ምላጭ ግን ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ልጁ ሒሳቡን በደብተሩ ላይ ሠርቶ ካየ በኋላ እየቆጠበ ሁለት ደህና መቀስ ገዛ። የመሳቢያውንም መቀስ ጣለው። «እኚያ ሰውዬስ?» ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ከዚያ ቀን በኋላ አልመጡም፣ እህቴ» አለኝ።

ለክበባችሁ መወያያ፦

• እናንተ የምትስተካከሉበት ፀጉር ቤት መቀሱን እንዴት ያጸዳል? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

• በልጁ ቦታ ብትሆኑ ለጎልማሳው ምን ትሏቸው ነበር?

በቸር እንሰንብት።