መርሳት ነው ወይስ ትኩረት ማጣት?



«ዶክተር፣ መርሳት ጀምሬያለሁ፤ ጭንቅላቴ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ተጨንቀው ከሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ ገና በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ረጋ ብለን ስናወራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ መርሳት አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ልብ አላሉትም። አእምሮ ያላስተዋለውን አያስቀምጥም። ቴሌግራም እያየን የተነገረን ነገር ከየት ይታወሰን?

አእምሯችን ትኩረት የሚፈልጉ ሁለት ሥራዎችን እኩል አይሠራም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ። ዝላዩ ደግሞ ያስከፍላል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ አንድ ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላ ስንሄድ ሐሳባችን በከፊል እዚያው ይቀራል፤ አዲሱን የምንሠራው በተረፈው ነው። ሪፖርት እየጻፉ «አንዴ ብቻ ልይ» ብለው ስልክ ሲያነሱ የሚሆነው ይኸው ነው። ሜሴጁን ለማየት 10 ሰከንድ ይበቃል፤ ሐሳብ ግን ቶሎ አይመለስም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ከባዱን ሥራ ጭንቅላትዎ ንቁ በሆነበት ሰዓት ይሥሩ። ለብዙ ሰው ጠዋት ነው፤ ማታ የሚነቃም አለ።

2. ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ለአንድ ሥራ ብቻ ይስጡ። ኖቲፊኬሽን ያጥፉ፣ ጥሪ ብቻ ክፍት ይሁን፤ ስልኩንም ከዓይንዎ ያርቁት።

3. ሥራ አቋርጦ መነሳት ግድ ከሆነ «ከዚህ ነው የምቀጥለው» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ይነሱ። ሲመለሱ ይቀልዎታል።

4. ለአእምሮዎ ባዶ ጊዜ ይተዉለት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም ቡና እስኪፈላ ስልክ አያውጡ። አዲስ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ብልጭ የሚለው አእምሮ ዘና ሲል ነው፤ ቀኑን ሙሉ በቲክቶክ የተሞላ ጭንቅላት ለፈጠራ ቦታ የለውም።

5. ቢያንስ 7 ሰዓት ይተኙ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ በምንም ዘዴ አይሰበሰብም።

ልብ ይበሉ! ሁሉም ነገር ከስልክ አይመጣም። ድብርት፣ ጭንቀት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ትኩረት ያሳጣሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ከላይ ያሉትን ሞክረው ለሳምንታት ለውጥ ከሌለ ወይም የሚያውቁት መንገድ መጥፋት ከጀመረብዎ ይመርመሩ። በድንገት ግራ መጋባት ወይም የንግግር መኮላተፍ ከመጣ ግን ነገ አይበሉ፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

«መርሳት ጀመረኝ» ለሚል ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት።

መልካም ጤንነት!