ስለ «ወይፈኑ» ሥዕል ትርጓሜ

ሥዕልን መተርጐም መጽሐፍን እንደ መተርጐም ነው፤ አስቀድሞ ንባቡ ይጸናል፥ ከዚያም በኋላ ምሥጢሩ ይፈለጋል። ንባቡን ሳያጸና ወደ ምሥጢር የሚቸኩል ሰው የራሱን አሳብ በሌላው አፍ ያናግራልና። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን በሆላንድ አገር፥ በሄግ ከተማ፥ ማውሪትስሃውስ በተባለው ቤተ መዘክር ያለው «ወይፈን» የተባለው ሥዕል ነው።

ሠዓሊው ፓውሉስ ፖተር ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1625 ተወልዶ በ1654 በ28 ዓመቱ ያረፈ ሲሆን፥ ይህን የሠራው በ1647 ከ22 ዓመት ያልበለጠ ወጣት ሳለ ነው።

ንባቡ እንዲህ ነው። ወይፈን በመስክ ቆሟል፤ በአጠገቡ ላም ተኝታለች፤ አውራ በግ፥ እናት በግና ግልገል አሉ፤ እረኛው በዛፍ አጠገብ ሆኖ ይመለከታል። ከታች እንቁራሪት፥ በከብቶቹ ላይ ዝንቦች፥ በምድር ላይ እበት፥ በሰማይም ትንሽ ወፍ አለች። በሩቅ የራይስቬይክ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ይታያል። የሸራው ቁመት 2 ሜትር ከ36፥ ወርዱም 3 ሜትር ከ39 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

ስለ ትርጓሜው አንዳንዶች ወይፈኑ የሆላንድ ምድር ምሳሌ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ላም የአገሪቱ ምሳሌ ሆና ትሣል ነበርና፥ የ80 ዓመቱም ጦርነት በ1648 በሰላም ተፈጽሟልና ቃላቸው ያለ መሠረት አይደለም። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ከሠዓሊው ስምና ከዘመኑ በቀር የተጻፈ ቃል የለም። እንግዲህ ይህ ትርጓሜ ሊሆን ይችላል እንጂ ግድ ነው አይባልም። በሬ የቅዱስ ሉቃስ ምልክት ነውና ይህም እርሱ ነው ማለት ግን ፈጽሞ ከንባቡ መራቅ ነው።

ሌሎች ደግሞ ምሥጢር የለውም፥ ሠዓሊው ያየውን ብቻ ገልብጧል ይላሉ። ይህም አይጸናም፤ የወይፈኑ አካላት የአንድ ዕድሜ እንስሳ እንዳልሆኑ ሊቃውንት መርምረው አስተውለዋል። ሸራውም በመጀመሪያ ለወይፈኑ ብቻ ተዘጋጅቶ ኋላ በዙሪያው እየተቀጠለ የሰፋ ነው። ስለዚህ እንዲያው ያየው የሚመስለው ነገር በብዙ ማስተዋል ተሰብስቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ የሥዕሉ ቃል ምንድር ነው? በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰፊ ሸራ ለነገሥታት፥ ለጦርነትና ለቅዱሳት ታሪኮች ይሰጥ ነበር። ፖተር ግን ያን ስፍራ ለመስክ ከብት ሰጠው፤ እበቱንና ዝንቡንም አልሸሸገም። ትርጓሜው ከዚህ ይነሣል፤ የተናቀውን ነገር ለከበረው በሚገባው ትጋት አየው። እኛም ምሥጢሩን ከመናገራችን በፊት ሥዕሉን በዚያው ትጋት ልንመለከተው ይገባናል።