ረጅም የእግር መንገድ ለሚሄዱ እናቶችና ቤተሰቦች፤ ስለ ገላ መላላጥ የተሰጠ ምክር



በገጠራችን ብዙው መንገድ በእግር ይሄዳል። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያምን፥ ለልደት በዓል ላሊበላን ለመሳለም ከሩቅ የሚነሣ ምእመን ብዙ ቀን በእግሩ የሚጓዝ አለ። ለለቅሶ፥ ለሠርግ፥ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄደውም እንዲሁ ነው። መንገደኛ ሲነሣ ስንቁን ያስባል፤ በሶውን ይቋጥራል፥ ዳቦ ቆሎውን ያዘጋጃል። ገላውን አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጭኑ ውስጥ ለውስጥ ተልጦ፥ እግሩን አንፈራጦ የሚሄድ ሰው ይታያል። ሴቶች ደግሞ «ቦታው የኀፍረት ቦታ ነው» ብለው ለጓደኛቸውም ለባላቸውም ሳይናገሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሄዳሉ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛም የምንመክራችሁ ይህንኑ ነው። ገና ማቃጠል ሲጀምር ቆሞ መርዳት ቀላል ነው፤ ሸሽጎ መሄድ ግን ትንሹን ነገር ትልቅ ቁስል ያደርገዋል።

ገላ ለምን ይላላጣል?

ደረቅ ቆዳ ጥቂት መተሻሸትን ይችላል። ላብ ሲያርሰው ግን ይለሰልሳል። ልብስ ስታጥቡ ውሃ ውስጥ የቆየ እጃችሁ እንዴት እንደሚነጣና እንደሚጨማደድ አይታችኋል። እንዲህ የራሰ ቆዳ ጭን ለጭን፥ ወይም ከልብስ ስፌት ጋር ቀኑን ሙሉ ሲተሻሽ የላይኛው ሽፋኑ ይነሣል። ከዚህም ሌላ ላብ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ጨዉም እንደ ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ቆዳውን ይፍቃል። እንግዲህ ጠላቶቻችን ሦስት ናቸው፤ መተሻሸት፥ እርጥበትና ጨው።

የሚያጠቃውም ጭንን፥ ብሽሽትን፥ ብብትን፥ የጡትን ሥር፥ መቀነት የሚታሰርበትን ወገብ፥ የሸክም ገመድ የሚያርፍበትን ትከሻና ተረከዝን ነው። በወፍራም ሰው ላይ ይበረታል እንጂ ቀጭኑንም አይምርም።

ከመነሣታችሁ በፊት

1ኛ፤ የምትለብሱትን ልብስ አጥባችሁ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁት፥ በፀሐይም አድርቁት። በጨርቅ ላይ የቀረ ሳሙና ቆዳን ያሳክካል።

2ኛ፤ ከቀሚስ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ለስላሳ የውስጥ ሱሪ ልበሱ። ጭንን ከጭን የሚለየው እርሱ ነው። ስፌቱ ወፍራም ከሆነ ገልብጣችሁ ልበሱት። ጥጥ ላብ ይመጣል፥ ነገር ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ቅያሪ ያዙ።

3ኛ፤ አዲስ ጫማ ለረጅም መንገድ አታድርጉ። ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ ላብ ስለሚይዝ፥ ቢቻል በካልሲ አድርጉት።

4ኛ፤ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቫዝሊን፥ ቁራሽ ሳሙናና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ከስንቃችሁ ጋር ቋጥሩ።

በመንገድ ላይ

ጧት ከመነሣታችሁ በፊት፥ ቆዳው ደኅና ሳለ፥ የሚተሻሸውን ቦታ ሁሉ ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። በምሳ ዕረፍት ላቡን በጨርቅ አድርቁና ድገሙት። ቫዝሊን ካልተገኘ ንጹሕ የምግብ ዘይት ለጊዜው ያገለግላል።

ማታ ካረፋችሁበት ቦታ፥ ድካሙ ቢበረታባችሁም፥ ላቡን ሳትታጠቡ አትተኙ። ውሃው ጥቂት ቢሆን እንኳ ጨርቅ አርሳችሁ ብሽሽትን፥ ብብትንና የጡትን ሥር ጥረጉ። አድርቁ፥ ሰፋ ያለ ልብስ ለብሳችሁም ነፋስ እንዲያገኘው አድርጉ። የቀኑን የውስጥ ልብስ አለቅልቃችሁ ስጡት።

የወር አበባ በመንገድ ላይ ቢመጣ፥ የራሰ ጨርቅ ጭንን ቶሎ ይልጣልና ቶሎ ቶሎ ለውጡ። የታጠበውንም ጨርቅ ተደብቆ በጥላ ሳይሆን በፀሐይ አድርቁት።

ስለ ሕፃናት

በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ራሱ አይራመድም፥ ነገር ግን እርሱም ይላላጣል። ሽንቱ ያርሰዋል፥ የአንቀልባው ጠርዝም ጭኑን ይፍቀዋል። ስለዚህ ባረፋችሁ ቁጥር አውርዱት። የራሰውን ጨርቅ ለውጡ፥ በውሃ ብቻ እጠቡት፥ በእጥፋቶቹ መካከል አድርቁት፥ ቫዝሊን ቀቡት። ከጥላ ሥርም ጥቂት ጊዜ ራቁቱን አስተኙት። ሽንቱ ልብሴን እንዳያርስ ብላችሁ ፌስታል አታስሩበት፤ እርጥበቱን አምቆ ይይዛል።

ማቃጠል ከጀመረ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ቁሙ። «እዚያች ዛፍ ድረስ ልሂድ» አትበሉ። ጓደኛችሁን «ነጠላሽን ጋርጂልኝ» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ እሷም እኮ ነገ ያገኛት ይሆናል። ከዚያም፤

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የተላጠውን ቦታ በንጹሕ ውሃ ቀስ ብላችሁ እጠቡ። ውሃው የወንዝ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ እንጂ አትፈትጉት። ቫዝሊን በስሱ ቀብታችሁ ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱት። ቢቻል ያን ቀን ዕረፉ፤ ካልተቻለ ሸክማችሁን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። ጧትና ማታ እንደዚሁ ከተደረገለት ቀላሉ መላላጥ በጥቂት ቀናት ይድናል።

ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ቆዳው ለሥጋው ክዳኑ ነው። በራሱ ከፈረጠ እጠቡትና ሸፍኑት፥ ቆዳውን ግን ገሽልጣችሁ አትጣሉት።

ምን አይደረግ?

ቆዳ የሰውነት አጥር ነው። አጥር በፈረሰበት ጅብ እንደሚገባ፥ ቆዳ በተላጠበትም ተሕዋስያን ይገባሉ። ስለዚህ በተላጠ ገላ ላይ አመድ፥ አፈር ወይም እበት አታድርጉ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ገዳይ በሽታ በዚህ መንገድ ሊገባ ይችላል። ጨው፥ ሎሚ፥ አረቄና ነጭ ጋዝ ቁስሉን ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም። ቅቤም ለራስ ጠጉር መልካም ነው፤ ከቁስል ላይ ግን አቧራና ዝንብ ይሰበስባል።

ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መቼ ይኬዳል?

ቁስሉ መግል ከያዘ፥ ከሸተተ፥ ዙሪያው ካበጠና ከሞቀ፥ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፥ በብሽሽት ንፍፊት ከወጣ፥ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። 3 ቀን አክማችሁት ያልተሻለው፥ ወይም እንደ ጭርት ክብ ጠርዝ አውጥቶ የሚያሳክክ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም አይቆይ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልጨረሳችሁም በዚያው ጠይቁ።

እናቶች ሆይ፤ የመንገዱ ድካም በቂ ነው፤ ቁስል አትጨምሩበት። ቫዝሊኑን ከበሶው ጋር ቋጥሩ፥ ያቃጠላችሁንም ተናገሩ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም እንዲሰሙት፥ ተማሪ ልጆቻችሁ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ያንብቡላቸው።