ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ አጥንቱ ስለ ምን ይለሰልሳል

ውሻ ሥጋ በል እንስሳ ነው መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዱር የሚኖሩት ዘመዶቹ ያደኑትን ከነአጥንቱና ከነሆድ ዕቃው ይበላሉ እንጂ እንደ ከተማ ሰው ሙዳውን ብቻ መርጠው አይበሉም። ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ብዙ ቡችላ ይጐዳል።

አንድ የከተማ ነዋሪ የአራት ወር ቡችላውን ታቅፎ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣ። የቡችላው የፊት እግሮች ተጣመዋል፤ ወገቡን ሲነኩት ይጮኻል፤ ከተኛበትም መነሣት አቅቶታል። ባለቤቱ፥ «ጌታዬ፥ ምን አጐደልሁበት? በየቀኑ ከሉካንዳ ቀይ ሥጋ እገዛለታለሁ፤ ልጆቼ እንኳ እንዲህ አይበሉም» አለ። ቡችላውን የጐዳው ይኸው ቸርነት ነበር።

አጥንት የሚጠነክረው በተለይ ካልሲየምና ፎስፎረስ በተባሉ ሁለት ማዕድኖች ነው። በሚያድግ ቡችላ ምግብ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ጋር እኩል ወይም ከእርሱ ጥቂት የበለጠ ሊሆን ይገባል። አንድ ኪሎ ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ ግን 2 ግራም ያህል ፎስፎረስ ሲኖረው፥ ካልሲየሙ ከ0.1 ግራም እምብዛም አይበልጥም። ጉበትማ ከዚህ የባሰ ነው። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም ሊሠሩ ስለማይችሉ፥ በደም ውስጥ ያለው ሲያንስ በአንገት የሚገኙ ትንንሽ ዕጢዎች ከአጥንት እያስወጡ ደሙን ይሞላሉ። ስለዚህ ደሙ ሲመረመር ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አጥንቱ ግን ሳስቶ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። በለንደን የአራዊት ማኖሪያ ስብ የሌለው የፈረስ ሥጋ ይበሉ የነበሩ የአንበሳ ደቦሎች አጥንታቸው ስለ ተጣመመ፥ ጆን ብላንድ ሳተን የተባለው ሐኪም በ1889 እ.ኤ.አ. የተፈጨ አጥንት፥ ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት እንዲጨመርላቸው ቢያደርግ ደቦሎቹ ዳኑ። በ1919 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤድዋርድ ሜላንቢ የዚያኑ ዘይት ጥቅም በቡችሎች ላይ አሳየ። በዘይቱ ያለው ቫይታሚን ዲ አንጀት ካልሲየምን እንዲቀበል ይረዳል፤ ውሻም እንደ ሰው ይህን ከፀሐይ በበቂ አያገኝም።

«እንግዲያስ እንጀራና ፉርሽካ ልስጠው» የሚል አይጠፋም። ጤፍ ከብዙ እህል ይልቅ ካልሲየም ቢኖረውም ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ይበልጣል። ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፊቲክ አሲድ ደግሞ ካልሲየምንና ዚንክን አስሮ ይይዛል፤ ዚንክ ያነሰው ውሻ በዓይኑና በአፉ ዙሪያ ቆዳው ይቀረፋል። ሊጡ ሲቦካ የዚህ አሲድ ኀይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንጀራ ከፉርሽካ ይሻላል። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ግን የውሻን ደም ስለሚያበላሽ አይሰጠው።

የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ በጥሬው የሚጣል ሳንባና ጉበትም ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ሊያመጣ ይችላል። ቀላሉ መንገድ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ታጥቦ፥ በእሳት ደርቆ፥ እንደ ዱቄት ይደቅቅና ለግማሽ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ማለት 5 ግራም ያህል ይጨመራል፤ ይህም 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። ይሁን እንጂ የሚያሟላው ካልሲየሙን ብቻ ስለ ሆነ፥ አቅም ያለው ሰው ለቡችላ ተመጥኖ የተዘጋጀ ምግብ ቢገዛ ይመረጣል።

እንዲህ ያለውን ምግብ ገዝቶ በላዩ ካልሲየም የሚጨምር ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል። በሆላንድ አገር በኡትሬኽት በግሬት ዴን ቡችሎች ላይ ተደርጎ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፥ ካልሲየም ሲበዛ የአጥንት ዕድገት እንደሚዛባ አሳይቷል። ትንሽ ቡችላ የበዛውን ካልሲየም የሚከለክልበት ኀይል ገና የለውምና፤ በተለይ ግዙፍ ዘር ያላቸው ይጐዳሉ።

ያ ቡችላ ምግቡ ተስተካክሎለት፥ እንዳይዘልም በጠባብ ስፍራ ተዘግቶ ሰነበተ። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ሕመም መሄድ ጀመረ፤ የፊት እግሮቹ ግን እንደ ተጣመሙ ቀሩ።