የሚወድቅን ሰው ማቆም ይቻላልን?

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ ከተማ፣ ትራያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ፋብሪካው ከ8ኛ እስከ 10ኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የእሳት አደጋ ተከላካዮቹ መሰላል ከ6ኛው ፎቅ በላይ አይደርስም ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙዎች በመስኮት ዘለሉ። ከታች የተዘረጋላቸው መረብም ተቀደደ እንጂ አላዳናቸውም። ይህ ለምን ሆነ?

መጠነ ቁሱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ከ30 ሜትር ከፍታ ወደቀ እንበል። የአየርን ተቃውሞ ትተን፣ በመሬት ስበት ምክንያት ፍጥነቱ በየሴኮንዱ 10 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል ብለን ብናሰላ፣ መረቡ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መረቡ 1 ሜትር ወደ ታች ተለጥጦ ቢያቆመው፣ ስበት በ31 ሜትር ርቀት የሠራውን ሥራ መረቡ በ1 ሜትር ውስጥ ማካካስ ይኖርበታል። ስለዚህ የመረቡ አማካይ ጉልበት የሰውየውን ክብደት 31 እጥፍ፣ ማለትም 18,600 ኒውተን ይሆናል። ሁለት ሦስት ሆነው አብረው ሲዘሉ ደግሞ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይባዛል።

ከዚህ አንድ ቀላል ሕግ እናገኛለን፤ የወደቀበትን ከፍታ ለመቆሚያው ርቀት አካፍለን 1 ስንደምርበት፣ የሚያስፈልገው ጉልበት የክብደቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ እናውቃለን።

እንግዲህ ያው ሰው ከ5 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ በክንዳችን ልንቀልበው ብንሞክርና ግማሽ ሜትር በሚሆን ርቀት ልናቆመው ብንሻ፣ 6,600 ኒውተን ያስፈልገናል። ይህም 660 ኪሎ ግራም እንደ መሸከም ነው። ውጤቱ ሁለቱም መጎዳታቸው ነው።

ወገብ ላይ የታሰረ የማይለጠጥ ገመድም ከዚህ አይሻልም። ከ2 ሜትር ውድቀት በኋላ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆም የክብደትን 21 እጥፍ ወገብ ላይ ያሳርፋል። የዘመኑ የደኅንነት ቀበቶ ማስታገሻ ግን ተጣጥፎ የተሰፋ ጥብጣብ አለው፤ በውድቀት ጊዜ ስፌቱ እየተተረተረ ርቀቱን ያረዝማል። የአውሮፓ ደረጃም ጉልበቱ ከ6,000 ኒውተን እንዳይበልጥ ያስገድዳል።

በከተሞቻችን በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ቆመው የሚገነቡ ወገኖቻችንን ስናይ ይህን ስሌት እናስታውስ። የሚያድናቸው ሲወድቁ የምንዘረጋው ክንድ ሳይሆን፣ ከመውጣታቸው በፊት የሚታጠቁት ቀበቶ ነው።

መጠነ ቁሱ 10 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን ከዚያው 5 ሜትር ቢወድቅስ፣ በክንዳችን ልንቀልበው እንችል ይሆን? ስሌቱን ለአንባብያን እንተዋለን።