ስላልፈላ ወተት

በጋምቤላ አገር የባሮ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በሜዳው ላይ ይሰፋል። በበጋ ጊዜ ሣሩ ሲደርቅ የኑዌር ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ፤ ዝናም እስኪመጣም ድረስ በዚያ ይሰፍራሉ። በክረምት የዘሩት በቆሎና ማሽላ እያለቀ ሲሄድ ምግባቸው ይበልጡን ወተትና ዓሣ ይሆናል።

በኑዌር ልማድ ወደ ጎልማሶች ማኅበር የገባ ወንድ ላም አያልብም፤ የሚያልቡት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ይህ ትምህርት ለአባቶቻችሁ ሳይሆን ለእናንተ የተጻፈ ነው። ቅሉን በእጃችሁ የያዛችሁት እናንተ ናችሁና።

ወተት መልካም ምግብ ነው። ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ሲሆን፥ በቀረው ውስጥ ቅባት፥ ሥጋን የሚሠራና አጥንትን የሚያጠነክር ነገር አለበት። ዕለት ዕለት ገንፎ ብቻ ለሚበላ ልጅ አንድ ዋንጫ ወተት ቢጨመርለት ይጠቅመዋል። ነገር ግን ከላሚቱ ጡት እንደ ወጣ ሳያፈሉ መጠጣት ሌላ ነገር ነው።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ አያቴ ዕድሜውን ሁሉ ያልፈላ ወተት እየጠጣ ይኸው ሸምግሏል። እኛስ ስለ ምን እናፈላለን?» አለ።

መምህሩም «አያትህ ስንት ወንድሞችና እኅቶች ነበሩት?» ብሎ ጠየቀው።

«ስምንት ነበሩ ይላል፤ አምስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል።»

«በምን እንደ ሞቱ እኔ አላውቅም፤ በወተት ነው አልልም። ነገር ግን አያትህ በሕይወት ስላለ ይመሰክራል፤ የሞቱት ሊመሰክሩ አይችሉም» አለው። ልጁም ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ከብት ታምሞ ሳለ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ወተቱም እንደ ሌላው ነጭ ነው፥ ይጣፍጣልም። ይህ ነገር በግልጥ የታወቀው ማልታ በምትባል ደሴት ነው። በዚያ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በማይለቅ ትኩሳት ይታመሙ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. ዴቪድ ብሩስ የሚባል ሐኪም በዚህ በሽታ በሞቱት ሰዎች አካል ውስጥ በዓይን የማይታየውን ተሐዋሲ አገኘ። በሽታው ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 ድረስ አልታወቀም። በዚያ ዓመት የማልታ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ተሚስቶክሊስ ዛሚት የፍየሎችን ደም መረመረ፤ ደኅና የሚመስሉት ፍየሎች በሽታውን ተሸክመው አገኛቸው። በሚከተለው ዓመት ወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ተከለከሉ፤ ትኩሳቱም በመካከላቸው እጅግ ቀነሰ።

ይህ በሽታ ዛሬ ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ በኢትዮጵያ ከብቶችም ላይ ይገኛል። ላሚቱ ጊዜው ሳይደርስ ጥጃዋን እንድትጥል ያደርጋታል፤ ሰውን ግን ሄዶ በሚመለስ ትኩሳት፥ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ያስጨንቀዋል። በጋምቤላ ወባ ብዙ ነውና ሰው ወባ የያዘው ይመስለዋል፤ የወባ መድኃኒት ይውጣል፥ ነገር ግን አይድንም። የነቀርሳ በሽታም ከታመመች ላም በወተት ይተላለፋል። ወተቱ ስለ ረጋ ብቻ እነዚህ ተሐዋስያን አይሞቱም፤ የሚገድላቸው እሳት ነው።

«ወተት ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ጥቂት ነገር መቀነሱ እውነት ነው፤ ቅባቱና አጥንት የሚሠራው ግን በውስጡ ይቀራል።

ዓሣ የሚቀቀልበት እሳት ሳይጠፋ ወተቱን በንጹሕ ድስት ጣዱ። እያማሰላችሁ እስኪፈላና እስኪነሣ ድረስ ጠብቁት፤ ከዚያ አውርዳችሁ ክደኑት። ቅሉም በፈላ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ ያለዚያ ድካማችሁ ከንቱ ነው። እርጎ የሚወድ ቤተ ሰብ እንደ ሆነ፥ የፈላው ወተት በርዶ ለብ ሲል፥ እንዲሁ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት፤ አድሮ ይረጋል።

ወተቱ ሲቀዘቅዝ በላዩ ስልባቦት ይሠራል። ስልባቦቱ የማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በእርሱ ምክንያት ወንድምና እኅት ሲጣሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።